ቦነስ አይረስ ደርሰን «በልተናል» አልን

ቃሊቲ ነው የምኖረው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ሰው ሁሉ በሐዘኔታ አየት ያደርገኝና «መቼ ተፈታህ?» ይለኛል። ማረሚያ ቤቱ የሰፈሩን ስም ጠቅልሎ ስለወሰደው፣ እኛ የቀረነው ነዋሪዎች ሳንከሰስ የተፈረደብን ሰዎች ነን። ሥራዬ የከባድ መኪና መካኒክነት ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ተሳቢ ሥር በጀርባዬ ተጋድሜ ነው። ደንበኞቼ ሩቅ አገር ሲሉ ጅቡቲን ማለታቸው ነው። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ የሺ ደቡብ አሜሪካ ሄደን ቦነስ አይረስ የሚባል ዋና ከተማ ልንጎበኝ ነው ብዬ ጋራዥ ውስጥ ሳወራ፣ «ጋሼ፣ ናፍጣ ጠጥተህ ነው?» ያለኝን ሾፌር አልፈርድበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ምሕረት የአየር መንገድ አስተናጋጅ ናት። የሠራተኛ ወላጆች ወንበር ከተረፈ በነጻ ይበርራሉ። እኔ ይህን መብት ለሌላ ሰው እንደሚወጣ የዕቁብ ዕጣ ነበር የማየው። ታዲያ አንድ ጊዜ ማርታ የምትባል የቦነስ አይረስ ሴትዮ አውሮፕላን ውስጥ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ምሕረት ውኃ አጠጥታ፣ እጇን ይዛ፣ እስኪያርፉ ድረስ ከጎኗ አልተለየችም። ሴትዮዋ ነፍስ ስትዘራ «እናትና አባትሽን ላኪልኝ፣ ቤቴ ቤታቸው ነው» አለቻት። እኛ አገር እንዲህ ያለ ንግግር እዚያው በተነገረበት ይቀራል። ማርታ ግን ስልክ እየደወለች «እስካሁን ለምን አልመጡም?» ትል ጀመር።

ደስታዬን ይዤ የሮጥኩት ወደ ደግፌ ነው። ደግፌ ከጋራዣችን ፊት ለፊት ልኳንዳ ቤት ያለው ወዳጄ ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ካራ ከያዘ ወዲህ ከእጁ አላወረደውም።

«የሥጋ አገር ነው የምትሄደው!» አለና የያዘውን ወርች ሚዛኑ ላይ ጣለው። «በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ጎድኑን እንዳለ ነው እሳት ላይ የሚያጋድሙት። አደራህን፣ ሽንጡንም ዳቢቱንም ቀምሰህ ና። እኔ ሥጋ ስቆርጥ አረጀሁ፣ ከደብረ ዘይት ወዲያ ማን ምን እንደሚቆርጥ አላየሁም። ዓይኔ ሁነኝ።»

«ዓይንህ ብቻ? ሆድህም እሆንልሃለሁ» ብዬ እጁን ጨበጥኩት።

ጊዜውም ተባባሪ ነበር። ፋሲካ አልፎ በዓለ ሃምሳ ገብቷል። ረቡዕና ዓርብ እንኳ የሚበላበት፣ የክርስቲያን ሆድ እረፍት የሚወጣበት ወቅት ነው። ከሥጋው የሚያግደኝ አንዳች ነገር በሰማይም በምድርም አልታየኝም። የሺን ረስቻት ነው።

የሺ ደግ ሰው ናት፣ ሙያ የሞላት፣ በሴቶች ዕድር የምትከበር። ግን ይሉኝታዋ ለሁለት ቀበሌ ይበቃል። «የሰው ቤት ሄዶ በመጀመሪያው ‹ብሉ› እጁን የሚዘረጋ አሳዳጊ የበደለው ነው» ትላለች። ሕጓ ግልጽ ነው። ሲቀርብ «በልተናል» ይባላል። ሲደገም «ኧረ አይገባም» ይባላል። ባለቤቱ «በሞቴ!» ሲል ብቻ እንደመቆጣት ብሎ መቅረብ ነው። እኔ ይህን ሕግ ለመጣስ ባሰብኩ ቁጥር ከጠረጴዛ ሥር በጭኔ ላይ ስትመዘልገኝ ኖራለች። ያ ቦታ ስሜቱን ካጣ ቆይቷል።

ወንበር ተረፈና ተሳፈርን። አውሮፕላኑ ውስጥ የምሕረት የሥራ ባልደረባ ምግብ ስታቀርብ የሺ «ልጄ አትድከሚ፣ ከቤት በልተን ነው የወጣነው» አለች። ልጅቷ «እማዬ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ብቻ» አለቻትና በላን። ያ የመጨረሻው «በሞቴ» መሆኑን ባውቅ ኖሮ የጎረቤቴንም ድርሻ እለምን ነበር።

ቦነስ አይረስ! ልቤ እንዴት እንደዘለለ አልነግራችሁም። ወቅቱ እዚያ በልግ ነው፣ በየመንገዱ ዳር ቅጠል ይረግፋል፣ ከተማው ግን ገና እንደተዳረ ሰው ይስቃል። የማርታ ባል ኦራሲዮ ሊቀበለን መጥቶ ነበር። ሸበቶ፣ ወፍራም፣ ሲያዩት ሥጋ የሚወድ ሰው ነው። አቅፎ ጉንጬን አንዴ ሳመኝና ቀና አለ። እኔ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳምኩ ብዬ ከአየሩ ጋር ተሳሳምኩ። አንዱ መሳሜ ጆሮው ላይ አረፈ። እዚያ አገር አንዴ ከሳሙ ስመዋል፣ መድገም የለም። ያን ጊዜ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ኦራሲዮ እንግሊዝኛ አያውቅም፣ እኔ ስፓኒሽ አላውቅም። መኪናው ግን አሮጌ የጣልያን ሥሪት ነበረችና ስትንገጫገጭ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወደ ታች እያመለከትኩ «ፍሬን?» አልኩት። «ፍሬኖ!» አለ ዓይኑ በርቶ። «ጎማ» አልኩ። «ጎማ!» አለ። ጣልያን ሁለታችንንም አንድ ክፍል አስተምሮን ኖሯል። ቤት እስክንደርስ መኪናዋን በቃላት ፈታን፣ ገጠምናት፣ ወንድማማች ሆነን ወረድን።

ማርታ በር ላይ የሺን እያለቀሰች አቀፈቻት። ወደ ውስጥ ስንገባ ጠረጴዛው ተሰናድቷል። መሃል ላይ ክዳኑ ተከድኖ የሚተን ሣህን ተቀምጧል፣ ሽታው እስከ ካልሲዬ ድረስ ወረደ። ማርታ እንግሊዝኛ ትችላለችና «እርቧችኋል? እንብላ?» አለች።

«ኖ ኖ፣ ቴንኪው» አለች የሺ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ዊ ኢት።» በልተናል ማለቷ ነው።

እኔ «በሞቴ»ውን መጠበቅ ጀመርኩ። ማርታ ፈገግ ብላ «እሺ፣ እንግዲያው ዕረፉ» አለችና ሣህኑን አንስታ ወጣች። የፍሪጁ በር ሲዘጋ ሰማሁ። የሺ ዞር ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ምን እንደተፈጠረ ሁለታችንም አልገባንም። ምናልባት አሙቃ ልታመጣው ይሆናል ብለን ትንሽ ጠበቅን። ማርታ የመጣችው ፎጣ ይዛ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አንዲት ቅል መሳይ ዕቃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ቅጠል በአንድ የብረት ቱቦ ተራ በተራ ይጠጣ ጀመር። ማቴ ይሉታል። አንድ ቱቦ ለሁሉም መሆኑን ሳይ ማኅበር ቤት የገባሁ መሰለኝ፣ ደስ አለኝ። መራራ ነው፣ ግን ሆድ ያሞቃል። ጠጥቼ ስመልስ ጨዋነቴን ላሳይ ብዬ «ግራሲያስ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ቅሉ እኔን እየዘለለ ሲዞር ዋለ። ለካ እዚያ አገር ቅሉን ስትመልስ አመሰገንክ ማለት በቃኝ ማለት ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ጅቡ ቢያንስ የሚፈልገውን አፍ አውጥቶ ተናግሯል።

ቀኑ እሑድ ነበር። በግቢያቸው የጡብ ምድጃ አለች፣ ኦራሲዮ ከሰል እየቆሰቆሰ ያፏጫል። አጠገቡ ያለውን ሥጋ ደግፌ ቢያየው ቆቡን ያወልቅ ነበር። ጎድን እንደ አጥር የተደረደረ፣ ሽንጥ፣ ቋሊማ፣ ኩላሊት ሳይቀር። ማርታ መጥታ «ሥጋ ትበላላችሁ?» ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ከፈትኩ። ጭኔ ላይ ተመዘለግኩ።

«ኖ ኖ፣ ለኛ ብላችሁ አትቸገሩ» አለች የሺ በእኔ አስተርጓሚነት። አስተርጓሚ ሆኜ በራሴ ላይ ስፈርድ አስቡት።

ማርታ ፊቷ በአክብሮት ተሞላ። ስልኳን አወጣች። «አንብቤአለሁ» አለች። «የአገራችሁ ክርስቲያኖች ከዓመቱ የሚበዛውን ቀን ይጾማሉ። ትናንትም አልበላችሁም፣ ገብቶኛል።» እጇን ልቧ ላይ አድርጋ ለባሏ አንድ ረጅም ነገር በስፓኒሽ ነገረችው። የኦራሲዮ ፉጨት ቆመ። ጎድኑን አንድ በአንድ ወደ ትሪው ሲመልስ አየሁ፣ እንደ ቀብር ሥነ ሥርዓት ቀስ ብሎ። ማርታ ወደ እኛ ዞራ «እናንተ እዚህ እስካላችሁ ድረስ እኛም አብረን እንጾማለን» አለች።

ሁለት ወንዶች በጢሱ መሃል ተያየን። በምንም ቋንቋ የማይባል ነገር ነበር።

መኝታ ክፍል እንደገባን በሹክሹክታ ጮህኩባት። «የሺ! በዓለ ሃምሳ ነው እኮ! ቤተ ክርስቲያን ያልከለከለችንን አንቺ ከለከልሽን!»

«እኔ ምን አልኩ? ራሷ ናት ጾም ያለችው።»

«ታዲያ አይደለም በያት!»

«አሁን? ‹ጾም አይደለም፣ ሥጋውን መልሺው› ልበላት? የምሕረት እናትና አባት የራባቸው ናቸው ይባል? ልጅቷ ነገ እዚህ ሰው ፊት እንዴት ትቆማለች?»

«እውነቱን እኮ ነው፣ እርቦናል።»

«እርቦኛል» አለች ቁጭ ብላ፣ ድምጿም ለሰለሰ። «እኔንም እርቦኛል። ግን አንዴ ብቻ ‹በሞቴ› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰላጣ በላን። ጠዋት ቂጣ መሳይ ነገር፣ ምሳ ሰላጣ፣ እራት ሌላ ዓይነት ሰላጣ። የሰፈራችን በግ እንኳ ለፋሲካ ሲቀለብ በመሃል ፉርሽካ ይደረግለታል። ኦራሲዮ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቲማቲሙን በሹካ እያገላበጠ ያየኛል፣ ያንን ወንድማማችነት ከዓይኑ ፈልጌ አጣሁት። መመለሻችን እየቀረበ ነው። የደግፌ አደራ ሆዴ ውስጥ መሆን ሲገባው ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

ከተማው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ እየራበኝም ቢሆን አሰከረኝ። አንድ መንገድ አላቸው፣ ስፋቱ ቃሊቲ አደባባይ ከነመናኸሪያው ተነጥፎበት ይተርፈዋል። መሃሉ ላይ ሐውልት እንደ መርፌ ቆሟል። ኦራሲዮና ማርታ መብራቱ በቀላ ቁጥር ይቆማሉ፣ እኔ ከባድ መኪና መሃል ሰንጥቄ ማለፍ ያደግሁበት ነውና የሺን ጎትቼ ልሮጥ ስል ማርታ በኮሌታዬ ያዘችኝ። ሰው እግረኛ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ይስቃል፣ ያወራል፣ ውሻ የሚያንሸራሽር አንድ ሰው ከነመንጋው ያልፋል። የሺ «ይህ እረኛ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እንደ ሙሽሮች እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር። ቃሊቲ ላይ ይህን ብናደርግ አንዳችን የታመመ መስሏቸው ሊጠይቁን ይመጡ ነበር።

መጨረሻ ላይ ወደ ወደቡ ሰፈር ወሰዱን። ቤቶቹ በቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው፣ እንደ እኛው ሰፈር። ግን እያንዳንዱን ቆርቆሮ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ቀብተውት ድህነቱን በዓል አስመስለውታል። መንገድ ላይ ሙዚቃ አለ፣ ባልና ሚስት የሚመስሉ ዳንሰኞች እግራቸውን እንደ መቀስ እያጠላለፉ ታንጎ ይጨፍራሉ። የሺ ቆማ ቀረች። ዓይኗ እንደዚያ ሲያበራ ያየሁት ምሕረት የተወለደች ዕለት ነው። ጥቁር ኮፍያ ያደረገው ዳንሰኛ አያትና መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ዘረጋላት።

«ኧረ አይሆንም» አለች በሁለት እጇ እየመለሰች። «ኖ ኖ፣ ቴንኪው።»

ዳንሰኛው ኮፍያውን አንስቶ በአክብሮት ሰላም አላትና አጠገቧ ለቆመች ሌላ ቱሪስት እጁን ዘረጋ። ሴትዮዋ ወዲያው ገባች። የሺ ለእንቢታ ያነሣቻቸው እጆቿ አየር ላይ ቀሩ።

«አየኸው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ምኑን?»

«አንዴ አይሆንም ስለው ትቶኝ ሄደ።»

«አንቺ ነሻ እንቢ ያልሽው!»

«እንቢ ማለትና አለመፈለግ አንድ ነው እንዴ?» አለች። «በሠርጋችን እንኳ ሙሽራ አትጨፍርም ተብዬ እንደተጎለትኩ ነው የመሸው።»

ይህን ነግራኝ አታውቅም። እንዲህ ባለ ሰዓት የጨዋ ባል ልብ ከሚስቱ ጋር መሆን ነበረበት። የእኔን አፍንጫ ግን ያን ጊዜ ከማዶ የሚመጣ ጢስ ጠራው። የሥጋ ጢስ ነው። «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አልኩና እግሬ ይዞኝ ሄደ።

ከቤቶቹ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ ሰውዬ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ ቋሊማ ይጠብሳል። ቋሊማውን ከመሃል ሰንጥቆ ዳቦ ውስጥ ያጋድመዋል፣ ቅጠላ ቅጠል የገባበት ማጣፈጫ ያፈስበታል። ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ የቆመው ወፍራም ሰው ዳቦውን ተቀብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ገመጠ። ሲዞር ኦራሲዮ ነው። መኪና አቁሜ ልምጣ ብሎን ነበር የሄደው።

ጉንጩ ሞልቶ ቆመ። እኔም ቆምኩ። እሱ የጾሙ ተባባሪ ነው፣ እኔ የጾሙ ባለቤት። ሁለታችንም እጅ ከፍንጅ ተይዘናል። ቀስ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እኔም አደረግሁ። ከዚያ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ዘረጋልኝ። አምላክ ምስክሬ ነው፣ አፌ በልማድ «በልቻለሁ» ሊል ተከፍቶ ነበር። እዚያው በቋሊማ ደፈንኩት።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳልውጥ የማርታ ድምፅ ከጀርባችን መጣ። የሺም አብራት ነበረች። ማርታ ባሏን አየች፣ እኔን አየች፣ ከጢሜ ላይ የሚንጠባጠበውን ቅባት አየች። «ጾሙስ?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። የባሰው ነገር ነበረባት፣ ተሸብራ ነበር። ባሌ እንግዳውን አስገድፎት ይሆን ብላ መሰለኝ።

የሺ ፊቷ ከል መስሏል። የምሕረት ስም፣ የእናቷ አስተዳደግ፣ የዕድሩ ክብር፣ ሁሉም በእኔ ጢም ላይ ሲንጠባጠብ ታየዋለች። ስለዚህ ያገሬ ሰው ቃል ሲያልቅበት የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ከዳቦዬ ከነቋሊማው ቆረስኩና ወደ አፏ ዘረጋሁ። ጉርሻ ደግሞ አይመለስም። ይህ ሕግ ከይሉኝታ ሕግ በላይ መሆኑን ራሷ ናት ያስተማረችኝ። አፏ ተከፈተ። አላመጠች፣ ዓይኗ ተጨፈነ፣ ትከሻዋ ወረደ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ሁለተኛውን ጨመርኩላት።

ከዚያ የሺ ዋጠችና ወደ ማርታ ዞራ፣ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ሙሉ የእንግሊዝኛ ንግግር አደረገች።

«ኖ ፋስቲንግ» አለች። «ሀንግሪ።»

እኔ ተቀብዬ አብራራሁ። እናንተ ብሉ ትላላችሁ፣ እኛ በልተናል እንላለን። እናንተ እንደገና ብሉ ትላላችሁ፣ እኛ አይገባም እንላለን። እናንተ በሞቴ ትላላችሁ፣ ያን ጊዜ እንበላለን። ማርታ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝና «በሞቴ የምለው ለምንድን ነው? የሚሞት ሰው አለ?» አለች። «እናንተ ነበራችሁ ልትሞቱ የደረሳችሁት!» ብላ መሳቅ ጀመረች፣ ስቃ ስቃ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጠች። ለኦራሲዮ ስትተረጉምለት ሰውዬው ግንባሩን በመዳፉ መታና ወዲያው ወደ ጠባሹ ሮጠ። ለሁላችን ይዞ መጣ። የሺ የእሷን ተቀብላ ከመብላቷ በፊት ቆርሳ ማርታን አጎረሰቻት። ማርታ ደንግጣ ዋጠች፣ ከዚያ አፏን ከፍታ ሌላ ጠበቀች። ልማዳችንን ከእኛ ቀድማ ተማረች።

ስንመለስ የኮፍያው ዳንሰኛ እዚያው ነበር። የሺ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ማንም ሳይጠይቃት ሄዳ እጇን ዘረጋችለት። እግሩን ረገጠችው፣ እንደገና ረገጠችው፣ አንገቷ ከእግሯ ይበልጥ ይጨፍር ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበላት። እኔ ከዳር ቆሜ፣ አፌ በቋሊማ ሞልቶ፣ እንባዬ መጣ። ሠርጌን አሁን ያየሁ መሰለኝ።

በመጨረሻው ቀን ጎድኑ ከተሰደደበት ተመለሰ። ኦራሲዮ እሳቱ ላይ ከማጋደሙ በፊት ከሽንጡ አንድ ቁራጭ ቆረጥኩና የሺ ቦርሳ ውስጥ በተደበቀችው ሚጥሚጣ ጠቅሼ ጥሬውን ዋጥኩ። ማርታ «ሐኪም ልጥራ?» አለች። የበሰለው ሲቀርብ «ይጨመር?» ስትል የሺ «ሲ» አለች። እንደገና ሲጠየቅ እንደገና «ሲ»። የደግፌን አደራ በሆዴ ሸክፌ ተነሣሁ።

ቃሊቲ እንደገባን ሪፖርቴን ለማድረስ የሺን ይዤ ወደ ደግፌ ሄድኩ። ደግፌ ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጦ ምሳውን ሊጀምር ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሥጋ ሲቆርጥ ይውላል፣ ራሱ የሚበላው ከቤት የተቋጠረለትን ቆጮና ጎመን ነው፣ እሱም በትንሽ ሳህን። እንዳየን ብድግ አለና እንደ ሁልጊዜው «እንኳን በሰላም መጣችሁ! እንብላ!» አለ።

እኔ «ብላ፣ አብሮ ይስጠን» ልል አፌን ስከፍት፣ የሺ እጇን ታጥባ ተቀምጣ ነበር።

ደግፌ እያያት ቆመ። ቆጮው ሄደ፣ ጎመኑ ተከተለ። የሺ እየበላች «ሙያ ያላት ሚስት ነው ያለችህ» ትለዋለች። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተጠጋ።

«እትዬ የሺ ምን ነካቸው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምንም። የሄድንበት አገር ሰው እንብላ ካለ የምሩን ነው።»

ደግፌ ባዶ የቀረውን ሳህኑን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በሚያሳዝን ፈገግታ፣ «እኔስ?» አለ። «እኔም እኮ እንብላ ስል የምሬን ነበር።»